ቀበሮው ግን ተነሣ

ያን የሥዕል ፊልም መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ። ልጆቹ ይዩት ያልሁትም እኔ ነኝ።

በረሃቡ ዘመን ነው። ከገዳሪፍ በሎሪ የግማሽ ቀን መንገድ በሚርቅ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ ነበርን። አገሬ፣ ጎንደር፣ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበርሁ። ዝናቡ ቀረ፣ ጦርነቱ ባሰ፣ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። ባለቤቴ በዚያው ሰሞን ታሞ ሞተ። የአራት ዓመት ሴት ልጄን አዝዬ ከሚሰደደው ሰው ጋር በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ተሻገርሁ።

ዐረብኛም እንግሊዝኛም ትንሽ ትንሽ ስለምሞክር በሕፃናት ምግብ ድንኳን ውስጥ በአስተርጓሚነት ያዙኝ። ጠዋት ጠዋት ክሳታቸውን ለማወቅ የልጆቹን ክንድ እለካለሁ፣ ወተት በኩባያ አድላለሁ፣ እናቶቹን «ቀስ እያልሽ አጠጭው፣ አታስቸኩይው» እላለሁ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የምሄደው ወደ መቃብር ነበር። ከድንኳናችን ልጅ ሲሞት እናቲቱ ብቻዋን እንዳትቀብር አብሬ እሄዳለሁ። መቃብሩ ከካምፑ በስተ ምሥራቅ ያለ ጥቁር አፈር ነው። ድንጋይ የሚባል ነገር የለበትም። ጅብ እንዳያወጣቸው እሾህ ቆርጠን ከላይ እንከምርበት ነበር። ሜዳው በትንንሽ የእሾህ ክምር ተሞልቶ ከሩቅ ሲያዩት ሰው ያጠረው የአትክልት ቦታ ይመስላል።

በዚያ ድንኳን አንዲት ነርስ አብራን ትሠራ ነበር። ነጭ ናት፤ እዚያ አገር ኸዋጃ ይሏቸዋል። አንድ ቀን ልጆቹን እየተመለከተች «ኪሎ ጨምረዋል፤ ታዲያ ለምን አይጫወቱም?» ብላ ጠየቀችኝ። እውነቷን ነው። ፊታቸው ሞላ፣ እግራቸው ጠና፤ ነገር ግን እንደ ሽማግሌ ጥላ ሥር ተደርድረው ይውላሉ። ጠጠር የሚወረውር የለም፣ የሚሮጥ የለም።  እሷም ነገሩን ይዛ ሾዋክ ወዳለው የስደተኞች ቢሮ ሄደች። በሁለት ሳምንቱ አንድ የሱዳን ሰው የፊልም መሣሪያና ጄኔሬተር በመኪና ጭኖ መጣ።

ሰውዬው ነጭ ጀለቢያ የለበሰ፣ ቀጭን፣ ሃምሳ ዓመት የሚያልፈው ነው። ከካምፕ ካምፕ እየዞረ ስለ እጅ መታጠብና ስለ ውኃ ማፍላት ያሳያል። እኔን አስተማሪ መሆኔን ሲሰማ «ኡስታዛ» ይለኝ ጀመር፤ በእነሱ አስተማሪዋ ማለት ነው። እኔ ደግሞ «ዓሚ» እለው ነበር፤ አጎቴ እንደማለት ነው። ከታጠቡ-አፍሉ ፊልሞቹ ጋር ለልጆች የተሠራ አንድ ካርቱን ይዞ ነበር።

ነርሷ «አንቺ አስተማሪም እናትም ነሽ። ቀድመሽ እዪው። ለልጆቹ ይሆናል ካልሽ እናሳያለን» አለችኝ።

የእህሉ መጋዘን የቆርቆሮ ነው። ቀዳዳውን ሁሉ በብርድ ልብስ ሸፍነን፣ በቀትር ውስጡን አጨለምነው። ጆንያ ላይ ተቀምጬ አየሁት። አንድ ቀበሮ አንዲትን ፍየል ያባርራል። ንግግር የለውም፣ ሙዚቃ ብቻ ነው። ፍየሏ ወጥ ቤት ትገባለች፤ ዳቦው ይበተናል፣ ወተቱ ይደፋል፣ የሾርባው ድስት ቀበሮው ራስ ላይ ይገለበጣል። ከዚያ ገደል አፋፍ ላይ ይደርሳሉ። ፍየሏ ቋጥኝ ትለቅበታለች። ቀበሮው ወድቆ እንደ ቁርበት ተጠፍጥፎ ይቀራል። ትንሽ ይቆይና ይነሣል፤ ይራገፋል፤ እንደገና ይሮጣል። ይህ አራት አምስት ጊዜ ይደጋገማል።

ሳቅሁ። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ስቄ አላውቅም ነበር፤ ድምፄ ለራሴ እንግዳ ሆነብኝ። እኔን ካሳቀኝ ጥሩ ነው ብዬ ፈረድሁ።

ነርሷ «ወላጆችስ ቀድመው ቢያዩት?» አለችኝ።

«ወላጆቹ ሲኒማ የሚባል አይተው አያውቁም» አልኋት። «ምኑን ይፈርዱታል? ሥዕል እኮ ነው፤ ሥዕል ምን ያደርጋል?»

እንዲህ ያልሁት በኩራት ነበር።

በማግስቱ ልጆቹን ሰበሰብን። መጋዘኑ ሞላ። ጄኔሬተሩ ሲነሣ ገሚሶቹ አልቅሰው ወደ በሩ ሸሹ፤ የጦር አውሮፕላን መስሏቸው ነው። መልሰን አስቀመጥናቸው። መጀመሪያ ዝም ብለው አዩ። ድስቱ ቀበሮው ራስ ላይ ሲገለበጥ አንድ ልጅ ሳቀ። ከዚያ ሌላው ተከተለ። ቀበሮው ከቋጥኙ ሥር ሲነሣ ቤቱ በጩኸት ተናጋ። ነርሷ በሩ ላይ ቆማ እንባዋን ትጠርግ ነበር።

ከፊት ተቀምጣ ከሁሉ በላይ የጮኸችው የጎረቤቴ ልጅ ናት። ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው። የሦስት ዓመት ወንድሟን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ነበር። የእናታቸው ጎጆ ከጎጆዬ ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ነው፤ ባሏ ከብቶቹን ትቼ አልሄድም ብሎ ቀርቶ ከዚያ ወዲህ ወሬው አልተሰማም። ቁጥብ ሴት ናት፣ ብዙ አታወራም። ልጅቱ ቀበሮው በወደቀ ቁጥር ወደ ወንድሟ ጆሮ ጎንበስ ብላ «ቆይ እየው፣ አሁን ይነሣል» ትለዋለች። ሲነሣ ደግሞ የሱን ትንንሽ እጆች ይዛ ታጨበጭብለታለች።

ሳምንት ሳይሞላ ኩፍኝ ገባ። ልጆቹ ገና ከረሃቡ አላገገሙም ነበርና እንደ ቅጠል ያረግፋቸው ጀመር። የልጅቱ ትንሽ ወንድም በታመመ በሦስተኛው ቀን ጠዋት አረፈ። መግነዣ ጨርቅ አልነበረም፤ በእህል ጆንያ ጠቀለልነው። አራት ሰዎች ሆነን ሄድን፤ እናትየው፣ አንድ አዛውንት፣ እኔና ልጅቱ። እናትየው ድምፅ አውጥታ የምታለቅስበት አቅም አልነበራትም። ልጅቱም አላለቀሰችም። ዝም ማለቷን አይቼ ገና ልጅ ናት፣ አልገባትም ብዬ አለፍሁት።

አፈሩን ከመለስን በኋላ እሾሁን ልከምር ስል ቀሚሴን ያዘችኝ።

«እትዬ፣ እሾሁን አታድርጊበት።»

«ለምን የኔ እናት? ከጅብ እንዲጠብቀው ነው እኮ።»

«ሲነሣ ይወጋዋል።»

«አይነሣም እናቴ። ሞቷል።»

አየችኝ፤ ክፍል ውስጥ የተሳሳትሁትን እንደምታርመኝ ተማሪ ሆና አየችኝ።

«ቀበሮው ግን ተነሣ» አለች።

  አዛውንቱ እሾሁን ከእጄ ተቀብለው ከመሩት፤ ወደ ካምፑ ተመለስን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጅቱ በድንኳኑ የሚሰጣትን ወተት አትጠጣም። እኔ የምትጠጣ መስሎኝ ኩባያዋን ሰጥቻት ወደ ሌላው እዞራለሁ። እሷ ኩባያውን በሁለት እጇ ይዛ፣ እንዳይፈስባት ቀስ እያለች፣ መቃብር ድረስ ትሄዳለች። ሲነሣ ይርበዋል ብላ ነው። በሳምንቱ ክንዷን ስለካ ወደ ኋላ መመለሷን አየሁ፤ ታማለች ብዬ ለነርሷ ነገርሁ። መዳፏ ላይ ያለውን ጭረት ግን ምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

አንድ ማለዳ እናትየው ድንኳኑ በር ላይ ቆመች። ወደ ውስጥ አልገባችም።

«አንቺ አስተማሪ፣ ውጪ።»

ወጣሁ። እጆቿ እስከ ክርኗ ጥቁር አፈር ናቸው።

«ልጄን መቃብር ላይ አገኘኋት» አለችኝ። «እሾሁን በእጇ ነቅላ ጥላዋለች። ሌሊት ጅብ መጥቶ አፈሩን ጭሮታል። ልጄን ሊያወጣው አንድ ክንድ ነው የቀረው። አሁን መልሼ ሸፍኜው መምጣቴ ነው።»

«ወይኔ እህቴ...»

«እህቴ አትበይኝ። ቀበሮ፣ ቀበሮ ትለኛለች። የምን ቀበሮ ነው? ለልጄ ምንድን ነው ያሳየሻት?»

በሥዕል የተሠራ ጨዋታ ነው፣ ልጆች እንዲስቁ ብለን ነው አልሁ። ስናገረው ለራሴም አስጠላኝ።

«ለምን አልጠየቅሽኝም?» አለች። «ወተት ስትሰጪ ትጠይቂኛለሽ። መርፌ ስትወጊ ትጠይቂኛለሽ። ይህን ልጄ ጭንቅላት ውስጥ ስትከቺ እኔ የት ነበርሁ? እዚህ፣ ከግድግዳሽ ወዲያ አልነበርሁም?»



መልሴን ሳትጠብቅ «ያሳየሻትን እኔንም አሳዪኝ» ብላ ሄደች።

ባለ መሣሪያው የሱዳን ሰው ተመልሶ እስኪመጣ አሥር ቀን ያህል ጠበቅን። ልጅቱ ወተቱን ወደ መቃብር እንደምትወስደው ያኔ ስለ ሰማሁ፣ በነዚያ ቀናት እዚያው ዓይኔ ሥር እንድትጠጣ አደረግሁ። አፏ ውስጥ ትይዘውና ዞር ስል ኩባያው ላይ መልሳ ትተፋዋለች። እናቷ እየተከተለቻት መቃብሩን ትጠብቃለች። ሰውዬው እንደመጣ የሆነውን ሁሉ ነገርሁት። በረዥሙ ተነፈሰና «በስንት ካምፕ አሳይቻለሁ» አለ። «ማሳቁን እንጂ ሌላውን የነገረኝ የለም። እኔም አልጠየቅሁም።»

በዚያ ከሰዓት መጋዘኑን ለወላጆች ብቻ ከፈትነው። ሠላሳ የሚሆኑ ሰዎች መጡ። እናትየው ከፊት ተቀመጠች፤ ልጇ በተቀመጠችበት ቦታ።

ያው ፊልም ነው፤ እኔ ግን ሌላ ነገር እንደማይ ሆንሁ። ዳቦው ሲበተን አንዲት ሴት «ወይኔ ዳቦው!» ብላ ከመቀመጫዋ ተነሣች፤ ልታነሣው የሮጠች ነው የመሰለኝ። ወተቱ ሲደፋ ከኋላ አንድ ሰው እንደ ታመመ አቃሰተ። ቋጥኙ ሲወርድ የሳቀ የለም። ቀበሮው ተነሥቶ ሲራገፍ እናትየው ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ነክሳ ያዘች። እስኪያልቅ አልለቀቀችውም።

ከዚያ ወጥተን ራኩባው ሥር፣ በሣር ክዳኑ ጥላ ተቀመጥን። እኔ እንደ ልማዴ እንደ አስተማሪ ጠየቅሁ፦ «እንግዲህ አያችሁት። ለልጆች ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?»

 ቀብሩ ላይ አብረውን የነበሩት አዛውንት ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ፣ እንዲያ ተብሎ አይጠየቅም» አሉኝ። «ለማን ልጅ ነው ጥሩ? እዚህ ያለነው ሁላችን አንድ ነገር አይደለም የደረሰብን። ልጁን የሚያውቀው ያው ቤቱ ነው። እያንዳንዱ ስለ ራሱ ልጅ ይናገር።»

ያኔ መናገር ጀመሩ። አንድ የመተማ ሰው፣ እስላም ነጋዴ የነበረ፣ «እንስሳቱ ምንም አይሉኝ፤ ተረት ውስጥም ይናገራሉ» አለ። «ዳቦው ግን አይሆንም። በኛ ቤት ዳቦ ከወደቀ ተነሥቶ ተስሞ ነው የሚቀመጥ። ልጄ በእህል ሲጫወቱ አይቶ እንዲስቅ አልፈልግም፤ ያውም ዘንድሮ።» ጎኑ ያለው ገበሬ ደግሞ ወታደሮች ልጁ ፊት እንደደበደቡት ተናገረ። «ልጄ ያን ቀን ከሲኒማው ሲመጣ ‹አባዬ፣ አንተ ስትመታ ለምን አልሳቅንም?› አለኝ» አለ። ቀና ብሎ አላየንም።

ከዳር የተቀመጠች ወጣት እናት ድንገት ቆጣ አለች።

«እኔስ? የኔ ልጅ አባቱ መንገድ ላይ ከወደቀ ወዲህ ድምፅ አውጥቶ አያውቅም ነበር። ሁለት ወር! በዚያ ቀን ሳቀ። ማታውን ‹እማ› አለኝ። ይኸን ከከለከላችሁት ልጄን መልሳችሁ ልታፍኑብኝ ነው።»

«ያንቺ ሳቀ» አለች የልጅቱ እናት፣ ሳትጮህ። «የኔዋ ወተቷን ለመቃብር ታጠጣለች።»

ሁለቱ ተያዩ። ጠብ ይነሣል ብዬ ፈራሁ። ወጣቷ ግን ተነሥታ መጥታ ከእናትየው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች። ጎን ለጎን ተቀምጠው ሁለቱም አለቀሱ።

እንደምንም ከስምምነት ደረስን። ልጅ ያለ ወላጁ ብቻውን አይገባም። ከመግባቱ በፊት ውስጡ ያለው አንድ በአንድ ለወላጁ ይነገረዋል፤ ይሆናል ካለ ይገባል፣ አይሆንም ካለ ማንም አይጠይቀውም። ቤቱ ሰው የሞተበት ልጅ ደግሞ ዐርባው ሳይወጣ አይገባም። የዳቦውን ነገር ባለ መሣሪያው ራሱ «እዚያ ሲደርስ መብራቱን በእጄ እሸፍነዋለሁ» አለ።

ሰው ሲበተን የልጅቱ እናት አልተነሣችም።

«የኔን ልጅስ አሁን ማን ያስረዳታል? እኔ ስነግራት አታምነኝም። በዓይኗ አይታዋለች» አለች።

ለባለ መሣሪያው ተረጎምሁለት። አሰብ አደረገና «አምጪያት» አለ።

ልጅቱን ይዛት መጣች። ሰውዬው ፊልሙን ከጥቅሉ ፈታ፤ አንድ ክንድ ያህል ዘርግቶ ወደ ፀሐይ አቀናው። ከፊቷ ተንበረከከ። እሱ በዐረብኛ ይናገራል፣ እኔ እተረጉማለሁ።

«እዪ፣ ትንንሽ ሥዕሎች ናቸው። ይኸኛው የወደቀው ቀበሮ ነው። ይኸኛው የተነሣው ነው። አንድ ቀበሮ አይደለም። ይህን አንድ ሰው ቁጭ ብሎ በእጁ ሣለው። ከዚያ ሌላ ወረቀት አወጣና ያንን ሣለው። የወደቀው እንደ ወደቀ ነው፤ አየሽ? እዚሁ አለ። አልተነሣም።»

ልጅቱ ፊልሙን ዓይኗ ድረስ አስጠግታ ብዙ አየች። በጣቷ ከአንዱ ሥዕል ወደ ሌላው ሄደች፣ ተመለሰች። ከዚያ ወደኔ ዞረች።

«ወንድሜንስ ማን ይሥለዋል?»

መተርጎም አቃተኝ። ሰውዬው «ምን አለች? ምን አለች?» ይለኛል። በመጨረሻ ነገርሁት። ፊልሙን ጭኑ ላይ አስቀመጠ፤ «ማአሌሽ፣ ማአሌሽ ልጄ»፣ ይቅርታ ልጄ እያለ የጥምጣሙን ጫፍ ይዞ ፊቱን ሸፈነ።

እናትየው መሬት ላይ ቁጭ ብላ ልጅቱን ወደ ራሷ ጎተተቻት። ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ ነገረቻት።

«ማንም አይሥለውም፣ ልጄ። ወንድምሽ ሥዕል አይደለም። ሞቷል። አፈር ውስጥ ነው ያለው፤ አይርበውም፣ አይጠማውም፣ አይነሣም። እኔም ብጠራው አይነሣም።»

እንዲያ አድርጌ እኔ ለማንም ልጅ ተናግሬ አላውቅም። ክፍል ውስጥ ቢሆን ኖሮ ‹እግዜር ወሰደው፣ ተኝቷል፣ ሩቅ ሄዷል› ነበር የምል። ልጅቱ እናቷን አየቻት፤ ከዚያ ጮኸች። ወንድሟ ከሞተ ጀምሮ ያላለቀሰችውን ሁሉ ያን ጊዜ አለቀሰች። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ አላቆመችም። እናቷ ዝም በይ አላለቻትም።

በማግስቱ ጠዋት ወተቷን ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጣ ጠጣች። ኩባያውን ስትመልስልኝ ቀና ብላ አላየችኝም።

ፊልሙ ከዚያ በኋላም ሦስት ጊዜ ታየ። እኔ መጋዘኑ በር ላይ ቆሜ ልጅ ይዞ ለሚመጣ ሁሉ እነግራለሁ፦ «የሚወድቅና የሚነሣ እንስሳ አለበት። ሲመታም ያሳያል። ድስት ይገለበጣል። የጄኔሬተሩ ድምፅ የአውሮፕላን ይመስላል።» ጥሩ ነው አልልም፣ መጥፎም ነው አልልም። ገሚሱ ገባ፣ ገሚሱ ልጁን ይዞ ተመለሰ። ወጣቷ እናት ልጇን ሦስቱንም ጊዜ አመጣችው። ያ በወታደሮች የተደበደበው ገበሬ አንድ ጊዜ በሩ ድረስ መጣ፤ ሰማኝና የልጁን እጅ ይዞ ሄደ። የገዛ ልጄን አላስገባኋትም። ለምን እንደሆነ አጥርቼ መናገር አልችልም፤ አባቷን ትጠይቀኛለች ብዬ ሳልፈራ አልቀርም።

ክረምቱ ያን ዓመት ዘነበ። ሰሊጥ በደረሰ ጊዜ ሎሪዎች እየመጡ የጉልበት ሠራተኛ ወደ ሀዋታ እርሻዎች ይወስዱ ጀመር። የልጅቱ እናት ስንቋን ቋጥራ ልትሄድ እንደሆነ ሰማሁ። ሎሪው ሲጫን ደረስሁ። ልጅቱ ሎሪው ላይ፣ ጥቅሎቹ መሃል ተቀምጣለች። ክንዷ ሞልቷል፤ ያን ሳልለካው አየሁ።

«ሳትሄጂ ይቅር በይኝ» አልኋት እናቷን።

የሎሪውን ጠርዝ ይዛ ቆመች።

«ፊልሙን ይቅር ብያለሁ» አለችኝ። «አንቺም ደህና መስሎሽ ነው። ሳትጠይቂኝ መቅረትሽን ግን ገና አልቻልሁም። ልዋሽሽ አልችልም።»

«እሺ» አልሁ።

ሎሪው ላይ ወጣች፤ ልጇን በነጠላዋ ሸፈነቻት፤ ሎሪው ተነሣ። ከሀዋታ የሚመለስ ሠራተኛ ባገኘሁ ቁጥር እጠይቅ ነበር። አንዱ ከሴት ልጇ ጋር እርሻ ላይ አይቻታለሁ አለኝ። ሌላው ባሏን ፍለጋ ወደ አገሯ ተሻግራለች አለኝ። የትኛው እውነት እንደሆነ እስካሁን አላወቅሁም።